ወደ ሌላ ሕዝብ የሚሄዱ ወንጌላውያን መጀመሪያ ምን ይማሩ?

የአምስት ኪሎ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

የማገለግለው አምስት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት የወንጌላውያን አጥቢያ ነው። በቅርቡ ወጣቶቻችንን ወደ ደቡብ ኦሞ፣ ሐመር አካባቢ እንልካለን። ወደ ደቡብ እስያ ለመሄድ የሚጸልዩም አሉ። የሥልጠናውን ዝርዝር አዘጋጂ ተባልኩ። አዘጋጅቼ ለሽማግሌዎች አቀረብኩ። አልተግባባንም።

እነሱ የሚሉት፣ ልጆቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በደንብ ካወቁ፣ ስብከት ከተለማመዱ፣ ተጸልዮላቸው ከተሸኙ ይበቃል ነው። እኔ ደግሞ ቋንቋ ይቅደም ባይ ነኝ። ከዚያው ሕዝብ የተወለደ ሰው ያስተምራቸው። እዚያ ከደረሱም በኋላ ለመስበክ አይቸኩሉ። ሰው ቤት ይቀመጡ፣ ይስሙ፣ ይጠይቁ። አንድ አባት ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ነው የምእመናን መባ የምናወጣው?» አሉኝ።

ነገሩ ያንገበግበኛል። እኛ መልእክተኛ መላክ የጀመርነው በቅርቡ ነው። መቀበል ግን ከጥንት ጀምሮ እናውቅበታለን። አፍ አውጥቶ የተናገረን መልእክተኛ፣ ጆሮ ሰጥቶ የሰማን መልእክተኛ፣ ሁሉንም አይተናል። ከዚህ ታሪክ ለልጆቹ ምን ልስጣቸው? የሌላ እምነት ተከታዮችም ጻፉልኝ። የእናንተን በተለይ እፈልገዋለሁ።

ዓመት ስንጠቅስ በፈረንጆቹ ይሁን፣ እንዳይምታታብን።

ጡረተኛ መምህር፦

ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳሽ። ታሪክ ሳስተምር ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ከፍሬምናጦስ እንጀምር። አባ ሰላማ ከሳቴ ብርሃን የምንላቸው ማለቴ ነው። ከጢሮስ ሰዎች ነበሩ። ወደ አክሱም የመጡት ሊሰብኩ አይደለም። በልጅነታቸው ተማርከው ነው። ቤተ መንግሥት አደጉ፣ በንጉሡ ቤት አገለገሉ፣ አገሩን ለመዱ። ወደ እስክንድርያ ወርደው ከአትናቴዎስ ጵጵስና የተቀበሉት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሲመለሱ እንግዳ አልነበሩም። ንጉሥ ኢዛና ያመነው የሚያውቀውን ሰው ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ተሰዓቱ ቅዱሳንም እንዲሁ ናቸው። አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ ላይ ወጡ፣ ሌሎቹም በየበረሃው ገዳም መሠረቱ፣ እዚሁ ኖረው እዚሁ አለፉ።

አሁን ወደ 17ኛው ክፍለ ዘመን ነይ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ፣ ከካቶሊኮቹ የኢየሱሳውያን ማኅበር የተላከ ካህን ማለት ነው፣ በ1603 ገባ። ግዕዙንም አማርኛውንም ተማረ። ከመኳንንቱ ጋር ተቀምጦ ተከራከረ፣ በትሕትና። ዐፄ ሱስንዮስ ልባቸው ወደ ካቶሊክ ያዘነበለው በእሱ ነው። እሱ በ1622 ሞተ። በ1625 አፎንሶ ሜንዴስ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ። ይህ ሰው ጠያቂ አልነበረም፣ አዛዥ ነበር። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ አለ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ አለ፣ ጾሙም በዓሉም እንደ ሮም ይሁን አለ። አገር ተነሣ። አባትና ልጅ ተጋደለ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐወጁ፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ።

ፓኤዝ ሃያ ዓመት ገደማ የሠራውን ሜንዴስ በሰባት ዓመት አፈረሰው። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸው፣ የተላኩትም ለአንድ ጉዳይ ነው። ለሽማግሌዎችሽ ይህን ንገሪያቸው።

እሳት በአጥንቴ፦

የተከበሩ መምህር፣ ትምህርቱን ወድጄዋለሁ። እህቴ ግን በአንድ ነገር አልስማማም።

ጳውሎስ በተሰሎንቄ ምኩራብ የተከራከረው ሦስት ሰንበት ነው። ሰው አመነ። ቋንቋ ተማሩ፣ ባህል አጥኑ፣ ተቀመጡ እያልን ስንቱ ሳይሰማ ያልፋል? እኔ ጎዳና ላይ እሰብካለሁ። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ በእግሬ እየሄድኩ ለሰው እናገራለሁ። የማላውቀው ሰው ቆሞ ሰምቶኝ አልቅሶ ያውቃል። ቃሉ ራሱ ኃይል አለው። የእኛ ድርሻ አፋችንን መክፈት ነው። ዝግጅት ሲበዛ ሰበብ ይሆናል። የሥልጠና ወረቀት ይዘው ዓመት ከዓመት አዲስ አበባ የቀሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ።

ቱርሚ የነበረው፦

ወንድሜ እሳት፣ ቅናትህን አከብራለሁ። ግን የሐዋርያት ሥራ 14ን አብረን እናንብብ።

ጳውሎስ በተሰሎንቄ ግሪክኛ ተናገረ። የእሱም የእነሱም ቋንቋ ነበር። ልስጥራን ላይ ግን ምን ሆነ? አንድ ሽባ ተፈወሰ፣ ሕዝቡም በገዛ ቋንቋው በሊቃኦንያ መጮህ ጀመረ። ጳውሎስና በርናባስ የሚባለውን አልሰሙም። ሰዎቹ አማልክት ወረዱልን ብለው ኮርማ እያመጡላቸው ነው። ነገሩ የገባቸው መሥዋዕቱ ደጅ ሲደርስ ነው። ልብሳቸውን ቀደው እየጮኹ ወደ ሕዝቡ መሀል ሮጡ። ያም ሆኖ ሕዝቡን ያስተዉት በጭንቅ ነው። ጳውሎስ ራሱ ቋንቋውን በማያውቅበት ቦታ ጣዖት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እኔ ሐመር ነበርኩ፣ በቱርሚና በዲመካ አካባቢ። አሁን ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከእኔ በኋላ አንድ ጎበዝ ልጅ ከከተማ ተላከ። ስብከቱን የሰማ ሁሉ ያደነቀው ልጅ ነው። ይዤው አንድ ሽማግሌ ቤት ገባን። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ብለህ ነው የምትገባው። የቤቱ እመቤት የቡና ገለባ በትልቅ እንስራ አፍልታለች። ቀድታ በቅል ሰጠችን። ሽማግሌው ቅሉን ተቀበሉና ከቡናው ተጎነጩ። ከዚያ በአፋቸው እንደ ካፊያ አድርገው ረጩት። አንዴ ወደ ደጅ፣ አንዴ ወደ ከብቱ፣ አንዴ ወደ እኛ። ቀስ ብለው እያጉረመረሙ ነበር። ከብት ይብዛ፣ ዝናብ ይምጣ፣ እንግዳው በሰላም ይግባ ማለታቸው ነው። ምርቃት ነው።

ጠብታው የልጁ ፊት ላይ አረፈ። ልጁ መሐረብ አወጣና ፊቱን ጠረገ። ከዚያ ቅሉን ሳይነካ መሬት ላይ አስቀመጠው። ቤቱ ዝም አለ። ሴትየዋ ቅሉን አንሥታ ወደ እንስራው መለሰችው። ሽማግሌው ምንም አላሉም። እንደ አባት መርቀውት እንቢ ያላቸው እንግዳ ነው። ልጁ ቀጥሎ አርባ ደቂቃ ያህል ስለ እግዚአብሔር አባትነት ተናገረ፣ በአስተርጓሚ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ስለዚህ እህቴ፣ ሥልጠናሽን አጥብቀሽ ያዢ። ቋንቋ ስትይ ደግሞ አማርኛ ይበቃል የሚል ሰው እንዳያታልልሽ። ገበያ ላይ አማርኛ የሚሰማ ወንድ ታገኛለሽ። ሴቶቹ ጋ ስትደርሺ ግን ሐመርኛ ካልቻልሽ ምንም የለሽም።

ሰንበት ተማሪ፦

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ነው የማገለግለው። የሌላ እምነት ሰው ይጻፍ ስላልሽ ነው የጻፍኩት።

አያቴ በየቀኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ትስማለች። አንድ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ፣ በሩ ላይ አንዲት ወጣት ወረቀት ሰጠቻት። አያቴ ማንበብ አትችልም። ሥዕሉን ስታይ መስቀል አለበት። በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ ሳመችው፣ ግንባሯ ላይ አደረገችው። ቤት ይዛው መጥታ «አንብብልኝ» አለችኝ። አነበብኩት። የሚለው፣ እስከ ዛሬ ያመንሽው አያድንሽም፣ ጾምሽም ምልጃሽም ከንቱ ነው ነበር። ምን ልበላት? አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጸሎት ነው አልኳት።

ያቺ ልጅ ለአያቴ አንድ ጥያቄ ብትጠይቃት ኖሮ፣ «እማማ፣ ክርስቶስ ለእርስዎ ማን ነው?» ብትላት፣ አያቴ ቁጭ አድርጋ ከልደት እስከ ትንሣኤ ትነግራት ነበር። ማንም አልጠየቃትም። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 8 ጃንደረባው በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነው፣ የምታነበውን ታስተውለዋለህን ብሎ። ከዚያ ጃንደረባው ራሱ ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ አለው። ተጋብዞ ነው የገባው።

መንግሥትም ይህን ጉዳይ አይቶታል። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሩን በሁለት ከፍሎት ነበር። ሕዝቡ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አማኝ በሆነበት አካባቢ ሚሲዮን እምነት እንዳይሰብክ፣ ክፍት በተባለው ቦታ እንዲሰብክ። አዲስ አበባ ክፍት ከተማ ተባለች። ስለዚህ እዚህ ሁላችንም ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው። ግድግዳ የሚጋራ ሰው መከባበር አለበት።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦

ወንድሜ፣ የአያትህ ነገር ልቤን ነካው። እግዚአብሔር ዕድሜዋን ያርዝመው። ያቺ ወረቀት ሰጪ ከየትም ትምጣ ከየት፣ ከእኔ ጋር የሚሠለጥን ልጅ እንዲህ እንዳያደርግ ዝርዝሬ ላይ ጨምሬዋለሁ፦ ከመናገር በፊት ሰውየው የሚያምነውን ከራሱ አፍ መስማት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። የእናንተ ቤተ ክርስቲያንስ ወደ ሌላ ሕዝብ ስትልክ እንዴት ነው የምትልከው?

ሰንበት ተማሪ፦

አቡነ ተክለ ሃይማኖትን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ዳሞት ድረስ የወሰዳቸው ይኸው አገልግሎት ነው። የቅርቡን ከፈለግሽ ደግሞ ጃማይካን እይ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1966 ኪንግስተን ሲወርዱ የራስ ተፈሪያን ሕዝብ አውሮፕላን ማረፊያውን ሞላው። ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያይ ሕዝብ ነው። በ1970 አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ወደዚያ ተላኩ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት ማለት ነው። ሥራው እጅግ ከባድ ነበር። ለዚያ ሕዝብ ንጉሣችሁ ሰው ናቸው፣ የምናመልከው ክርስቶስን ነው ብለው ማስተማር ነበረባቸው። ጸጉራቸውን አላንቋሸሹም፣ ለኢትዮጵያ ያላቸውን ፍቅር አላጣጣሉም። አብረዋቸው ኖሩ። ብዙ ሰው ተጠመቀ። ቦብ ማርሌይ ራሱ በ1980 በእሳቸው እጅ ተጠመቀ። በ1981 ሲያርፍም ጸሎተ ፍትሐቱ በእኛ ሥርዓት ነው የተደረገው።

የካቴድራል ዘማሪ፦

ካቶሊክ ነኝ። መምህር ስለ ሜንዴስ የጻፉት እውነት ነው፣ እኛም ቤት ያማል። ግን ሁለት ሰዎች ይጨመሩልኝ።

አቡነ ያዕቆብ፣ በጣልያን ስማቸው ጁስቲኖ ደ ያቆቢስ፣ በ1839 ትግራይ ገቡ። የላቲን ሥርዓት አላመጡም። በግዕዝ ቀደሱ፣ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሱ፣ መሬት ላይ ተኙ። ከእሳቸው ጋር የተባበሩት አባ ገብረ ሚካኤል ትልቅ ሊቅ ነበሩ፣ በ1855 በእስራት ሳሉ ዐረፉ። ሁለተኛው አቡነ ማስያስ ናቸው። አዲስ አበባ ሳትቆረቆር ፊንፊኔ ላይ ሚሲዮን ነበራቸው። ለፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ስለነበር ሕዝቡ የሚያውቃቸው በዚያ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1879 ከአገር አስወጧቸው።

ነርሷ ከፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሙስሊም ነኝ። እህቴ፣ የሌላ እምነት ሰው ይጻፍ ስላልሽ አመሰግናለሁ፣ ብዙ ሰው ስለ እኛ ያወራል እንጂ እኛን አይጠይቅም።

ስለ ክትባት ስለተነሳ ከሙያዬ ልናገር። ልጅ ሳለሁ እናቴ በአንድ የሚሲዮን ክሊኒክ ትታከም ነበር። ሐኪሞቹ ደግ ነበሩ፣ አልክድም። ግን ካርድ ከማውጣታችን በፊት ሁላችንም አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስብከት እንሰማለን። ስብከቱ ሳያልቅ ካርድ የለም። እናቴ ትኩሳት ይዟት ራሷን እኔ ላይ አስደግፋ ነበር የምትሰማው። ተነሥታ እንዳትወጣ ሕመሟ፣ እንዳትቃወም የሐኪሞቹ ውለታ። ያን ጊዜ የተባለውን አንድም ቃል አላስታውስም። የእናቴን ትኩስ ግንባር ግን አስታውሳለሁ።

አሁን እኔው ነርስ ሆኜ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አያለሁ። የታመመ ሰው እንቢ ለማለት አቅም የለውም። ስለዚህ ልጆችሽ ውኃ ቢቆፍሩ፣ ቁስል ቢያጥቡ፣ ፊደል ቢያስተምሩ ጥሩ። ግን የሚሰጡት ነገር ለሚያምናቸውም ለማያምናቸውም እኩል ይሁን። ሕፃናትን ወላጆቻቸው ሳያውቁ አያስተምሩ። ይህ በጽሑፍ ይቀመጥ።

እኛም የምንኮራበት ታሪክ አለን። በ615 ገደማ የነቢያችን ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ መጡ። ቁረይሾች ስጦታ ይዘው መጥተው አስረክቡን አሉ። ነጃሺ ስጦታውን አይተው አልፈረዱም። ስደተኞቹን አስጠሩ፣ ጠየቁ። ጃዕፈር ስለ መርየም የሚናገረውን ምዕራፍ ቀራላቸው። አዳመጡ፣ አለቀሱ፣ ስጦታውን መለሱ። እንግዶቹም በሰላም ኖሩ። አንድ ክርስቲያን ንጉሥ የእኛን ሰው እስከ መጨረሻ ሰማው። ከእናንተም የምንጠብቀው ይህንኑ ነው።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትሽን ነፍስ ይማር እንዳልል በሕይወት ካሉ ጤና ይስጥልኝ። የጻፍሽውን እንዳለ ለሽማግሌዎች አነብላቸዋለሁ።

ነርሷ ከፒያሳ፦

አልሐምዱሊላህ፣ አሉ። አሁንም ከእኔ ጋር ናቸው።

ነቀምቴ ያደግኩ፦

አሁን ካዛንቺስ ነው የምሠራው። እስካሁን ኦነሲሞስ ነሲብ አለመነሣቱ ገረመኝ።

ኢሉባቦር ተወለደ፣ ሂካ ነበር ስሙ። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ። ብዙ እጅ ተለዋውጦ ምጽዋ ደረሰ፣ እዚያ በ1870 ነጻ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮን አስተማረው፣ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። ስዊድኖቹ ኦሮሞ አገር ለመግባት ደጋግመው ሞክረው መንገዱ ተዘግቶባቸዋል። ኦነሲሞስም አብሯቸው ሞክሮ አልተሳካለትም። ወገኖቹ ጋ መድረስ ሲያቅተው ቃሉን በቋንቋቸው ላዘጋጅ ብሎ ተቀመጠ።

ችግር ነበረበት። ከአገሩ የወጣው ሕፃን ሳለ ነው፣ ቋንቋው ከአፉ ላይ ሳስቷል። እዚህ ላይ አስቴር ገኖ መጣች። እሷም በባርነት ልትሸጥ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በ1886 ጣልያኖች ከመርከብ ላይ አስጥለው ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ ላለው የስዊድኖቹ ትምህርት ቤት የሰጧት ልጅ ናት። ኦሮምኛዋ የጠራ ነበር። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ ዘፈኑን ከራሷና ከሌሎች ነጻ ከወጡ ልጆች ሰበሰበች። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታተመ፣ በኛው ፊደል። በ1894 ደግሞ የንባብ መማሪያ አወጡ። ወንጌልን ወደ ኦሮሞ ያስገቡት ሁለት ባሮች የነበሩ ልጆች ናቸው እላለሁ። ስለ አስቴር ብዙ አለመወራቱ ያናድደኛል። ሰው ኦነሲሞስ ተረጎመ ብሎ ያልፋል።

በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕዝቡ በቋንቋው ሲማር ልጆቹን ይዞ መጣ። ከዚያ ክስ መጣ። ኦነሲሞስ ወደ አዲስ አበባ ተጠርቶ በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቆመ። አቡኑ ይሰደድ ብለው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ግን ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ መስበክ ግን የለም አሉ። ተመለሰ፣ ማስተማሩን ቀጠለ። በኋላ በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። በ1931 እዚያው ዐረፈ።

ለዓመታት መስበክ ተከልክሎ እንኳ ሥራው አልቆመም። ማንበብ የቻለ ሰው ራሱ አነበበዋ።

ጡረተኛ መምህር፦

የነቀምቴው ልጅ፣ ተባረክ። አንድ ነገር ላክልበት።

ያ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ቦታ ነው። እዚህ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመውን መድፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ በቸርችል ስትወርዱ። የሴባስቶፖል አምሳያ ነው። እውነተኛውን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያቀለጡት ከዚያው ከክሪሾና የተላኩ ሰዎች ናቸው። ሲመጡ ባለሙያ ነበሩ፣ ሐሳባቸው የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማከፋፈል ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የሚፈልጉት ስብከታቸውን አልነበረም፣ እጃቸውን ነበር። መድፍ ሥሩልኝ አሉ። እንቢ ማለት አልቻሉም። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ሠሩ። በ1868 መቅደላ ላይ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ልጆችሽ የሚሄዱበት ቦታ ባለሥልጣንም ባለሀብትም ይኖራል። ቤት እንስጣችሁ፣ መኪና እንስጣችሁ የሚል አይጠፋም። ከማን ምን እንደሚቀበሉ ከአሁኑ ይወስኑ። ለአስተናጋጃቸው ዕዳ ከገቡ አፋቸው ይታሰራል።

የሶዶ ልጅ፦

የኛ ቤት ታሪክ ደግሞ ሚሲዮኑ ከሄደ በኋላ ነው የጀመረው። ወላይታ ውስጥ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ከ1928 ጀምሮ ሠርተው በ1937 ጣልያን ሲያስወጣቸው የተጠመቀው ሰው ሃምሳ ገደማ ነበር። በአማኞቹ እጅ የነበረው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተተረጎመ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ከአማኞቹ እነ ዋንዳሮ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው።

አያቶቻችን ከመንደር መንደር በእግር ሄደው ነው የነገሩት። ፈረንጅ አልነበረም፣ በጀት አልነበረም። እህቴ፣ ልጆቹ ሲሄዱ መቼ እንደሚወጡም ይወሰን። ሐመር ውስጥ የሚያስተምር፣ የሚያጠምቅ፣ የሚመራ ሐመር ካልተገኘ ሥራው የአዲስ አበባ ሆኖ ይቀራል።

እሳት በአጥንቴ፦

ሁሉንም አንብቤያለሁ። የልስጥራኑ ነገር ላይ ወንድሜ ቱርሚ መለሰልኝ፣ እቀበላለሁ። ቋንቋ ይማሩ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለቅም። ሰው ቤት ገብተህ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለህ፣ በልብህ ግን ልትሰብክ መጥተህ ከሆነ ይህም ማታለል ነው። ሰውየው ጓደኛ ያፈራ ይመስለዋል፣ አንተ ቀን እየቆጠርክ ነው። ይህ ከጎዳና ስብከቴ የባሰ ነው። እኔ ቢያንስ ለምን እንደቆምኩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ መስማት ያልፈለገ ያልፋል።

ነርሷ ከፒያሳ፦

ይህ ወንድም የተናገረው ትክክል ነው። እኔም ብሆን የምመርጠው ከመጀመሪያው የሚነግረኝን ነው።

ቱርሚ የነበረው፦

እስማማለሁ። እኔ የገባሁ ዕለት ለሽማግሌዎቹ ማን እንደሆንኩ፣ ማን እንደላከኝ፣ ስለ ምን እንደማምን ተናግሬያለሁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ከዚያ «እናንተስ?» አልኳቸው። የእነሱን ለመስማት ነው ጊዜ የሚያስፈልገው። ባርጆ ስለሚሉት የበረከት ኃይል፣ ወንድ ልጅ ለጋብቻ ሲደርስ በከብት ላይ ስለሚዘልበት ሥርዓት፣ ስለ ሙታኖቻቸው፣ ሁሉን ነገሩኝ። ካመኑት አንዳንዶቹ ያመኑት እኔን እያስተማሩ ነው።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦

እሳት፣ አንተን ሥልጠናው ላይ ባገኝህ ደስ ይለኛል፣ ከልቤ ነው። የተናገርከውን ጽፌዋለሁ።

ሽማግሌዎች ፊት ቅዳሜ እቀርባለሁ። የያዝኩት ይህን ነው። ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት እዚሁ ሐመርኛ ይጀምሩ። እዚያ በደረሱ ዕለት ማንነታቸውንና የመጡበትን ጉዳይ በግልጽ ይናገሩ። ሰውየው የሚያምነውን ሳይሰሙ ስለ እምነቱ አይናገሩ። እርዳታና ስብከት አይተሳሰሩ። ስጦታ ከማንም ባለሥልጣን አይቀበሉ። ከሐመር ልጆች መካከል የሚያስተምር ሲገኝ እነሱ ከኋላ ይሁኑ። መባችን ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ነው ወይ ላሉኝ አባት ደግሞ የወላይታንና የፓኤዝን ታሪክ እነግራቸዋለሁ።

አንድ የቀረኝ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሐመርኛ የሚያስተምር ሰው ከየት ላምጣ?

ቱርሚ የነበረው፦

ስድስት ኪሎ የሚማሩ የሐመር ልጆች አሉ። አንዷን አውቃታለሁ፣ ጎበዝ ናት፣ ዲመካ ነው ያደገችው። ክርስቲያን አይደለችም፣ እሱን ከወዲሁ እወቂው። የማስተማሪያዋን በአግባቡ ክፈሏት። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አገናኛችኋለሁ።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦

ክርስቲያን አለመሆኗ የበለጠ ይጠቅማል፣ ልጆቹ በትክክል የሚጠይቁት ሰው ያገኛሉ። አሁኑኑ እጽፍልሃለሁ።

ሰንበት ተማሪ፦

ለልጅቷ ቤተሰቦቿን አስፈቅዱ፣ እሷንም እንዳትሰብኳት። ለማስተማር ነው የምትመጣው።

የአምስት ኪሎ ልጅ፦

ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ ወንድሜ።